ጭራቁን ትታችሁ ሕጉን ውሰዱ፦ የአሜሪካ ተረቶችን በካውቦይ ፋንታሲ ጨዋታ ውስጥ እንዴት እንጠቀም?

«የካውቦይ ጨዋታ ልጀምር ነው፤ ጭራቅ ከየት ላምጣ?» ይሄ ጥያቄ በየወሩ ይደርሰኛል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ካራክተር ይዘው፣ በወሬና በዳይስ የሚጫወቱት የፋንታሲ ጨዋታ) ሲያጫውት የቆየ ሰው ነው። የዚያን ጨዋታ ጭራቆች ይወስድና፣ ጎብሊኑን ባርኔጣ አልብሶ፣ ኦርኩን ሽጉጥ አስታጥቆ ይሞክረዋል። ከዚያ «አልያዘልኝም» ይለኛል። አይይዝማ!

አሜሪካኖች የራሳቸው ተረት ሞልቷቸዋል። ግን ተረታቸው እንደ ድራጎን ተወግቶ የሚያልቅ አይደለም። ከብት ነጂው፣ እንጨት ቆራጩ፣ ሐዲድ ዘርጊው፣ ወርቅ ፈላጊው ሥራ ላይ ሆኖ ወይም ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ የሚያወራው ነው። ስለዚህ ከተረቱ የምትወስዱት ፍጡሩን ሳይሆን ፍጡሩ የሚተዳደርበትን ሕግ ነው።

አጫዋች ስል ጌም ማስተሩን፣ ማለትም ታሪኩን የሚመራውን ሰው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ልኩ ለአንድ አጫዋችና ለአራት ተጫዋች፣ ለሦስት ሰዓት ያህል ጨዋታ ነው። በየትኛውም የጨዋታ ሥርዓት ላይ መደረብ ይቻላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ሙሉ የመጫወቻ ካርታ
- ባለ ስድስት ጎን ዳይስ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት
- የፖስታ ካርድ የሚያህል ጠንከር ያለ ወረቀት፣ 12 ያህል
- 30 ፍሬ ጥሬ ቡና
- የአንድ ስቴት ካርታ (የመጫወቻው ሳይሆን የአገሩ)
- ውሸት መመዝገቢያ ደብተር

ቡናው ለጌጥ አይደለም፤ ደረጃ 5 ላይ እንደ ገንዘብ ይሠራል። ደግሞም ቦታው ነው። አርበክልስ የሚባለው ተቆልቶ የታሸገ ቡና ምዕራቡን እስኪያዳርስ ድረስ፣ ሰዉ ጥሬውን ገዝቶ እሳት ላይ በመጥበሻ ይቆላ ነበር። ጀበናዋ ብቻ ነች የጎደለችው።

ደረጃ 1፦ አንድ ሥራ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ዓመት ምረጡ

«የዱር ምዕራብ» ብሎ ነገር ቦታ አይደለም። ከእነዚህ አንዱን ያዙ።

ከብት መንዳት፦ ከ1867 ጀምሮ ከቴክሳስ ተነስቶ ቺዝም ትሬይል በሚባለው የከብት መንገድ ወደ አቢሊን፣ ካንሳስ። ሁለት ሺህ ተኩል ያህል ከብት፣ አሥር አሥራ ሁለት ነጂ፣ በቀን ከ16 እስከ 24 ኪሎ ሜትር። ጀማሪ ከሆናችሁ ይሄን ውሰዱ። ቀን መንገድ፣ ማታ እሳት ነው፤ ጨዋታው ራሱ ተከፋፍሎ ይመጣላችኋል።

ሐዲድ፦ ታልኮት፣ ዌስት ቨርጂኒያ። የቢግ ቤንድ ዋሻ ከ1870 እስከ 1872 የተቆፈረበት። ቦታው ወደ ምሥራቅ ነው እንጂ ምዕራብ አይደለም፤ የቦታው ተረት፣ ጆን ሄንሪ (ደረጃ 6 ላይ ታገኙታላችሁ)፣ ግን ከሐዲዱ ጋር አገሩን ሁሉ ዞሯል።

እንጨት፦ የዊስኮንሲንና የሚኒሶታ ጫካ።

ማዕድን፦ በአሪዞና የሱፐርስቲሽን ተራሮች። ጃኮብ ዋልትዝ የሚባል ጀርመናዊ በ1891 ፊኒክስ ውስጥ ሲሞት የወርቁን ቦታ ይዞ ሄደ ይባላል። ሰው እስከ ዛሬ ይፈልገዋል።

ከመረጣችሁ በኋላ ወረቀት ላይ ይህችን ጥያቄ ጻፉ፦ «እዚህ ሥራ ላይ ሰው የሚሞተው በምንድን ነው?» መልሱ ተረቱን ይጠራላችኋል። ከብት ነጂ የሚፈራው ሌሊት መንጋው ደንብሮ ሲረግጠው ነው፤ ስለዚህ ተረቱ የሙት ከብት መንጋ ነው። እንጨት ቆራጭ ጓደኛው ጫካ ገብቶ ሳይመለስ ሲቀር ይፈራል፤ ተረቱም የማይታይ አውሬ ነው። ይሄን ደረጃ ከዘለላችሁት ፍጡሮቹ ከሰማይ የወደቁ ይመስላሉ።

ደረጃ 2፦ ሦስት ተረት ብቻ መርጣችሁ በዓይነት ለዩ

ሦስት ዓይነት አለ፦ የሚያስፈራ፣ ቀደዳ (ሳይስቁ የሚወራ የተጋነነ ውሸት) እና ውድድር። ከየዓይነቱ አንድ አንድ በቂ ነው። የሚያስፈራው ለሌሊት ነው። ቀደዳው በሰው አፍ ይመጣል። ውድድሩ የታሪኩ ጡዘት ላይ ይገባል።

መለየቱ ለምን እንደሚጠቅም በራሴ ደርሶ አይቻለሁ። መጀመሪያ ጊዜ ሳጫውት ግዙፉን እንጨት ቆራጭ ፖል በንየንን ከነሰማያዊ በሬው የመጨረሻ ጠላት አድርጌ አመጣሁት። 200 የሕይወት ነጥብ (ሲመታ የሚቀነስ፣ ሲያልቅ የሚሞትበት ቁጥር) ሰጠሁት። አርባ ደቂቃ ዳይስ ተወረወረ፣ አንዱ ተጫዋች ስልኩን አወጣ፣ አለቀ። ፖል በንየን የቀደዳ ጀግና ነው። ካምፕ ውስጥ በቃል ይወራ ነበር፤ አገር ያወቀው ግን ከ1914 ጀምሮ አንድ የእንጨት ድርጅት ለማስታወቂያ ባሳተማቸው ትንንሽ መጽሔቶች ነው። በኮዮቴ (የአሜሪካ ቀበሮ መሰል አውሬ) ያደገው፣ አውሎ ነፋስ የጋለበው ፔኮስ ቢል ደግሞ መጽሔት ላይ የወጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ጨዋታችሁ 1875 ላይ ከሆነ ስሙን የሚያውቅ ካውቦይ የለም። እንዲህ ያሉ ጀግኖች ይወራላቸዋል እንጂ አይገጠሙም።

ደረጃ 3፦ ሰው አሁንም የሚያምንበትን ለይታችሁ አስቀምጡ

⚠ ማስጠንቀቂያ። ይህን ደረጃ አትዝለሉ።

ኢንተርኔት ላይ «የአሜሪካ ጭራቆች» ብላችሁ ብትፈልጉ ስኪንዎከርና ዌንዲጎ መጀመሪያ ይመጣሉ። ሁለቱንም ተዉአቸው። የመጀመሪያው የናቫሆዎች ነው፤ ብዙዎቹ ስሙን ማንሳት እንኳ አይወዱም። ሁለተኛው የኦጂብዌና የክሪ ሕዝቦች ነው፤ ከረሃብና ሰው ከመብላት ጋር የተያያዘ ከባድ ነገር ነው። የኮዮቴ ተረቶችን ናቫሆዎች የሚያወሩት በብርዱ ወራት ብቻ ነው። ወቅት ያለውን ነገር በማንኛውም ቅዳሜ ማታ ማውጣት አያምርም።

ነገሩ ካልገባችሁ ቡዳን አስቡ። አንድ የውጭ አገር ሰው ቡዳን «ጅብ የሚሆን ጭራቅ፣ 40 የሕይወት ነጥብ» ብሎ ቢጽፈው ለእሱ ጨዋታ ነው። እኛ ግን በዚያ ስም ስንት አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ እንደተገለለ እናውቃለን።

ላ ዮሮና ትንሽ ትለያለች። ወንዝ ዳር ለልጆቿ የምታለቅሰው ሴት ናት፤ በሜክሲኮና በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ወላጆች ልጅ በጨለማ ወንዝ እንዳይወርድ ያስፈራሩባታል። ልክ እንደ አያ ጅቦ። እሷን ለምልክት ተጠቀሙባት፣ ለቅሶዋ ከሩቅ ይሰማ። ተኩሱባት ግን አትበሉ።

ደረጃ 4፦ ለእያንዳንዱ ፍጡር የሕግ ካርድ ጻፉ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ጊዜ ስጡት። ካርዱ ላይ አራት መስመር ብቻ ይኖራል፦ የት አለ፣ መጀመሪያ በምን ይታወቃል፣ ሕጉ ምንድን ነው፣ እንዴት ይመለጣል። ጉልበት፣ ጥርስ፣ የሕይወት ነጥብ አይጻፍም። የእኔ ምሳሌ፦

ስም፦ ሃይድቢሃይንድ፣ «ሁልጊዜ ከኋላ»
የት፦ እንጨት ቆራጮች ካምፕ ዙሪያ
ምልክት፦ ጠዋት አራት ሰው ወጣ፣ ምሳ ላይ ሦስት ተመለሰ
ሕግ፦ ዞር ስትል እሱም ዞሮ ከዛፍ ጀርባ ነው፤ ማንም አይቶት አያውቅም
ማምለጫ፦ የመጠጥ ሽታ አይወድም

አሁን ይሄን ወደ ጠረጴዛ ሕግ ቀይሩት። «ዞር ብዬ አያለሁ» ያለ ተጫዋች ሁሉ አንድ ካርታ ይስባል። ቀይ ከወጣ ዛፍ ብቻ ያያል። ጥቁር ከወጣ ቅርፊት ሲሰነጠቅ ይሰማል፣ ካርታውም ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ሦስተኛው ጥቁር ሲመጣ አንድ ነገር ይጠፋል። መጀመሪያ በቅሎ፣ ቀጥሎ ምግብ አብሳዩ፣ ከዚያ ከእናንተ አንዱ። ጀርባ ለጀርባ የቆሙ ሁለት ሰዎች ካርታ አይስቡም፤ ይሄን ግን አትንገሯቸው፣ ራሳቸው ይድረሱበት። ውስኪ የጠጣ እስከ ንጋት ይጠበቃል፣ በምትኩ ዳይሱ ላይ አንድ ይቀነስበታል።

አያችሁ? አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ተጫዋቾቹ ግን ወንበራቸውን ማጠጋጋት ይጀምራሉ። ለዚህ ነው አጫዋቹ መልኩን በፍጹም መግለጽ የሌለበት። «ጥቁር፣ ረጅም፣ ጥፍራም» ያላችሁ ቀን ድብ ሆነ ማለት ነው።

ሌሎች ሁለት ለመጀመሪያ የሚሆኑ፦

ሁፕ ስኔክ፣ ጭራውን ነክሶ እንደ ጎማ የሚንከባለል እባብ። ሕጉ፦ የሸሸ ይደረስበታል። ማምለጫው ወደ እሱ ሮጦ በቀለበቱ መሃል መዝለል ነው። ዳይሱ ለሸሸ ከባድ፣ ለደፈረ ቀላል ይሁን።

ጃካሎፕ፣ የአጋዘን ቀንድ ያለው ጥንቸል። ሕጉ፦ ሌሊት ካውቦይ ሲዘፍን በሰው ድምፅ ይቀበለዋል። ማጥመጃው ውስኪ ነው። ሌሊት መንጋ የሚጠብቀው ተጫዋች ከጨለማው የራሱን ድምፅ ይስማ። መነሻዋ በሆነችው በዳግላስ፣ ዋዮሚንግ፣ የጃካሎፕ አደን ፈቃድ ይሰጣል፤ የሚያገለግለው ለጁን 31 ብቻ ነው። ጁን 30 ቀን ነው ያለው። የዚህ አገር ቀልድ እንዲህ ነው፣ ሳይስቁ ማውራት። ጨዋታው ውስጥም በዚያው ፊት አውሩት።

ደረጃ 5፦ የቀደዳ ዙር አስገቡ

እሳቱ ሲነድ አጫዋቹ «ተረት ተረት» ይላል። ጠረጴዛው «የላም በረት» ብሎ ይመልሳል። ከብት መንዳት ላይ ከዚህ የተሻለ መክፈቻ አላገኘሁም።

እያንዳንዱ ተጫዋች በካራክተሩ አፍ አንድ ቀደዳ ይቀድዳል። ሕጉ ሁለት ነው። «ውሸት ነው» ማለት ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው «ይሄማ ምን አለው» ብሎ በዚያው ላይ መጨመር ነው። የሳቀ ይወጣል። ሳይስቅ የጨረሰ ሁለት ፍሬ ቡና ያገኛል። ቀደዳው ሁሉ ደብተር ላይ ይመዘገባል።

ቡናው የሚጠቅመው በኋላ ነው። አንድ ፍሬ የከፈለ ተጫዋች ከቀደዳው አንዷን ለአንድ ቅጽበት እውነት ማድረግ ይችላል። ባለፈው አንዷ «ፈረሴ ከመፍጠኑ የተነሳ ጥላው ከእራት በኋላ ነው የሚደርሰው» አለች። ቀጣዩ «ይሄማ ምን አለው፣ የእኔ ፈረስ ጥላ እስካሁን ዊቺታ፣ ካንሳስ ነች፣ ነገ እንጠብቃታለን» አለ፣ ፊቱ ላይ ምንም የለም። ከሁለት ሰዓት በኋላ አሳዳጆች ከኋላ ተኩስ ከፈቱ። ልጅቷ ዝም ብላ አንድ ፍሬ ቡና ወደ እኔ ገፋች። አሳዳጆቹ ጥላውን መቱት፤ ፈረሱ ካለፈ ቆይቷል።

ይሄ ደረጃ ለምን አስፈለገ? የአሜሪካ ፋንታሲ አስማቱ ያለው በወሬው ውስጥ ነው። በትርና ድግምት ካመጣችሁ ወደ ድራጎኑ ቤት ተመለሳችሁ ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ ጡዘቱን ውድድር አድርጉት

ምርጡ ምሳሌ ጆን ሄንሪ ነው። ከባርነት የወጣ ጥቁር ሠራተኛ፣ በመዶሻ ብረት እየመታ ዓለት የሚበሳ። በእንፋሎት የሚሠራ መሰርሰሪያ መጣ፣ ተወዳደሩ፣ አሸነፈ፣ መዶሻውን እንደያዘ ሞተ። በብዙ የዘፈኑ ቅጂዎች ማሽኑ 9 ጫማ፣ እሱ 14 ጫማ ያህል ቆፍረዋል (አንዱ ጫማ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው)። ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ይሠራል፦

ዘጠኝ ዙር አለ። ማሽኑ በየዙሩ አንድ ጫማ ይቆፍራል፣ አይደክምም። አለቃው «14 ጫማ ካልሞላህ ሁላችሁም ትባረራላችሁ» ብሏል። መቺው ተጫዋች በየዙሩ አንድ ዳይስ ይወረውራል። ከ1 እስከ 3 አንድ ጫማ፣ ከ4 እስከ 6 ሁለት ጫማ። በአማካይ ሲሰላ 14 ለመሙላት ግማሽ ጫማ ይጎድላል፤ ሆን ተብሎ ነው። ጭማሪ ጫማ ከፈለገ በሰውነቱ ላይ አንድ ምልክት ያደርጋል። አምስተኛው ምልክት ውድድሩ ሲያልቅ ይገድለዋል።

ሁለተኛ ተጫዋች ሼከር ይሁን። ብረቱን በእጁ ይዞ በምቱ መካከል የሚያዞረው ሰው ነው። እሱ ከመቺው ምልክት አንዱን መውሰድ ይችላል፣ ግን እጁ ይጎዳል። የተቀሩት ይዝፈኑ፣ ወይም ጠረጴዛውን በምት ይደብድቡ። የዳይሱ ድምፅና የጠረጴዛው ምት ሲገጥም ማንም አይናገርም።

ደረጃ 7፦ ሰዎቹን አስተካክሉ

አጭር ነው ግን ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ከካውቦዮቹ ከአራት አንዱ ያህል ጥቁር እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ብዙዎቹ ደግሞ ሜክሲኳውያን ነበሩ። ሐዲዱን ከምዕራብ በኩል የዘረጉት በብዛት ቻይናውያን ናቸው። ከባርነት ወጥቶ በኢንዲያን ቴሪቶሪ (በዛሬዋ ኦክላሆማ) ምክትል ማርሻል፣ ማለትም የፌደራል ሕግ አስከባሪ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ወንጀለኛ ያሳደደው ባስ ሪቭስ እውነተኛ ሰው ነው። ስለዚህ ካራክተር ስትሠሩ ተረቱን ከማን እንደሰማ ጠይቁት። ቤተሰቡ የሚያወራው ተረት ከጎረቤቱ ይለያል። እሳት ዳር ክርክር የሚነሳው ከዚያ ነው።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያውን ምሽት በቀዩ መንፈስ ጀምሩ

ይሄን ለጀማሪ ሁሉ የምሰጠው ነው። የአሜሪካ ጦር በ1856 ለበረሃ ጭነት ብሎ ግመሎች በመርከብ ወደ ቴክሳስ አስገባ። ከርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ገሚሶቹ ተሸጡ፣ ገሚሶቹ በረሃ ቀሩ። በ1883 አሪዞና ውስጥ አንዲት ሴት ተረግጣ ሞተች፤ ትልቅ ኮቴና ቀይ ፀጉር ብቻ ተገኘ ይባላል። በኋላ ወርቅ ፈላጊዎች «ቀዩ መንፈስ» በተባለው አውሬ ላይ ተኮሱ፣ ከጀርባው የሆነ ነገር ወደቀ። የሰው ራስ ቅል። አውሬው ሰው ታስሮበት ነው የሚዞረው።

አሠራሩ በአራት ትዕይንት ነው፦ ኮቴው፣ ፀጉሩ፣ የሚደነብሩት ፈረሶች (ፈረስ የግመል ሽታ ካልለመደ ያብዳል)፣ የሚወድቀው ራስ ቅል።

እና አሁን ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። «ሰፊ ኮቴ፣ ሁለት ጣት፣ አሸዋው ላይ ጠለቅ አላለም» ብዬ በምስጢር ድምፅ ገለጽኩ። ድሬዳዋ ያደገው ልጅ ከሻዩ ቀና ሳይል «ግመል ነው» አለ። አምስት ደቂቃ! ለአሜሪካዊ የተሠራው ምስጢር ለእኛ ምስጢር አይደለም።

ማስተካከያው ጥያቄውን መቀየር ነው። ምን እንደሆነ ወዲያው ይወቁ። የማያውቁት የታሰረው ሰው ማን እንደሆነና ማን እንዳሰረው ይሁን። ግመል የሚያውቅ ተጫዋች ይሄኔ ይጠቅማችኋል፦ «ይሄ አስተሳሰር የጭነት አይደለም፣ ሰውየው እንዳይወርድ ነው» ሊል ይችላል። ቋጠሮውን፣ የጠፍሩን እርጅና፣ የቀረውን ቦት ጫማ አስቀድማችሁ በሦስት ካርድ ጻፉ። ማንኛውም ሁለቱ ወደ አንድ ሰው እንዲያመለክቱ አድርጉ፣ አንዱን ካጡት ጨዋታው እንዳይቆም።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- በአንድ ምሽት አምስት ፍጡር ማስገባት። መካነ አራዊት ይሆናል። አንድ ይበቃል።
- ጥይት አለመቁጠር። ሪቮልቨር ስድስት ይይዛል፤ ብዙዎች ግን ለደኅንነት አንዱን ቤት ባዶ ትተው አምስት ነበር የሚያጎርሱት። አምስት ቁጠሩ። ጥይት ሲያልቅ ሰው ማሰብ ይጀምራል።
- የፊልም አነጋገር መኮረጅ። «ሃውዲ» (የካውቦይ ሰላምታ) ማለቱ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያሰለቻል። በአማርኛ ቅደዱ፣ ያምራል።
- መጨረሻ ላይ «በእውነቱ ግን ያ ነገር…» ብሎ ማብራራት። ዊስኮንሲን ውስጥ በ1893 ሆዳግ የሚባል አውሬ ተገኘ ተብሎ ሰው ከፍሎ ሊያየው ይሄድ ነበር፤ ሠሪው ማታለሉን ካመነ በኋላም ከተማዋ ሆዳግን ምልክቷ አድርጋ ይዛዋለች። እናንተም አትንገሯቸው።
- ደብተሩን መጣል። የተመዘገበው ቀደዳ ለሚቀጥለው ሳምንት ነው። ተጫዋቾቹ አዲስ ከተማ ሲገቡ ሳሉን (መጠጥ ቤት) ውስጥ አንድ የማያውቁት ሽማግሌ ያንን ውሸት ስለ እነሱ መልሶ ያውራላቸው፣ ትንሽ ጨምሮበት። የፈረሷን ጥላ በሚመለከት ዊቺታ ላይ ዕዳ እንዳለባት እስካሁን ያልነገርኳት ልጅ አለች።